የአናጺው ሰጋቱራ ከተገዛው የድመት አሸዋ በልጦ አገኘሁት

ግልገል ድመቴን አምባዛን ያገኘሁት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ጣና ዳር፣ አሳ ከሚበለትበት አካባቢ፣ ዝናብ መትቶት አንዲት የተገለበጠች ታንኳ ሥር ተሸጉጦ። ጢሙ ከፊቱ ስለሚበልጥ በአሳው ስም አምባዛ አልነው። ቤት በገባበት የመጀመሪያ ሌሊት ብፌው ጀርባ ሸና። በሁለተኛው ጋቢዬ ላይ፣ በሦስተኛው ሶፋው ላይ፣ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት።

በሁለት ወር ውስጥ ለመጸዳጃው ሦስት ነገር ሞክሬያለሁ፤ የተገዛ የድመት አሸዋ፣ የግንባታ አሸዋ እና ሰጋቱራ። ለጽዳትም እንዲሁ ሦስት ነገር። ባሕር ዳር ውስጥ ግልገል ድመት አምጥቶ በሽንቱ የተማረረ ሰው ካለ እኔ ያባከንኩትን ብር እንዳያባክን ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ጎረቤታችን እትዬ የነገሩኝን ላንሳ። «ውጭ የተወለደ ድመት ቤት አይለምድም፣ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» አሉኝ። እውነት ነው አትረሳም፤ ግን የድመት ዓመሏ እኮ ቆፍሮ መቅበር ነው። ግልገል ከ3 እና ከ4 ሳምንቱ ጀምሮ ይህን ያደርጋል፣ ማንም ሳያስተምረው። አምባዛም ሶፋው ላይ ሸንቶ ሲያበቃ ጨርቁን በጥፍሩ ይቧጥጥ ነበር። አፈር እየፈለገ ነው ማለት ነው! ያን ቀን ቁጣዬ ሁሉ ወጣልኝ። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት፣ መምታት፣ መጮህ ምንም አያስተምረውም። የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ እናንተን መፍራትና ተደብቆ መሽናት።

የተገዛውን አሸዋ አዲስ አበባ ካለ ዘመድ በአውቶብስ አስላክሁ። 5 ኪሎ፣ ከነማጓጓዣው 1,400 ብር። ዕቃው መጥፎ አይደለም። ቤንቶናይት ከሚባል ሸክላ ነው የሚሠራው፤ ሽንት ሲነካው ይጓጉልና ጓሉን ብቻ በጭልፋ አንስቶ መጣል ነው። ሽታም ይይዛል። ለትልቅ ድመት ብሩ ላለው ሰው እሰየው እላለሁ። ለግልገል ግን አይሆንም። አምባዛ ሽቶ ሽቶ ስለሚለው መጀመሪያ ሸሸው፣ በማግስቱ ደግሞ ሲያላምጠው ደረስኩበት። እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጥና የሚጓጉል ነገር በዚያች ትንሽ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። ደንግጬ እንስሳት ሐኪም ጋ ይዤው ሮጥኩ። ሐኪሙ ሁለት ወር ገደማ እንደሚሆነው ገመተና 4 ወር እስኪሞላው የሚጓጉል አሸዋ እንዳላሳየው ነገረኝ። ሰገራውንም አየልኝ፤ ለካ ትል ነበረበት። መዝኖ መድኃኒት ሰጠው። እዚህም እዚያም ይቀዝን የነበረው በሳምንቱ ቀረ። ስለዚህ ግልገላችሁ ከመጸዳጃ ሳፋው ውጭ የሚቀዝን ከሆነ ከዓመሉ በፊት ሆዱን አስመርምሩ።

ከዚያ ሰፈር ውስጥ ቤት ከሚሠራ ሰው ሁለት ባልዲ አሸዋ ለመንኩ። አምባዛ ገና ሲያየው ገብቶ ቆፈረ። ሐይቅ ዳር የተወለደ ልጅ ነው፣ የሚያውቀው አፈር ይህ ነው። ለአራት ቀን ቤቱ ደረቅ ሆነ፣ እኔም በደስታ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ችግሩ አሸዋ ሽንት አይመጥጥም። ወደ ታች ይሰርግና ሳፋው ሥር ይቋጥራል፤ በክረምቱ እርጥበት ደግሞ አይደርቅም፣ ከእግሩ ጋር እየተጣበቀ ሊሾው ላይ፣ አልጋው ላይ ሁሉ ይበተናል። በሳምንቱ ሽታው በር ላይ ይቀበላችሁ ጀመር። ድመቱም ጠላው፣ ወደ ሶፋው ተመለሰ።

ሰጋቱራውን ያገኘሁት አባይ ማዶ ካለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ባለቤቱ «ለዶሮ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ለድመት ነው ጋሼ፣ ለሽንቱ» ስላቸው ትንሽ አሰቡና ራሳቸው መረጡልኝ። «የኤምዲኤፉን አትውሰጂ፣ ሙጫ አለው። ቫርኒሽ የነካውንም ተዪው። የጽዱ ይሸታል፣ አይወደውም። ይኸው ዋንዛ» ብለው ከመላጊያው ሥር የወደቀውን ፍቅፋቂ በኬሻ ሞሉልኝ። 60 ብር። ይህን ያህል አስቦ የሚሸጥ ሰው ባገኝ ሌላውንም ዕቃ ከእሱ ነበር የምገዛው።

ዋንዛ ጠረኑ ቀላል ነው፣ ሽንትን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ኬሻው ሦስት ሳምንት ከግማሽ አገለገለኝ። ጉድለቱን አልደብቅም። በጣም የደቀቀው አቧራ ያስነጥሰዋል፤ እኔ በወንፊት ነፍቼ ደቃቁን እጥላለሁ። ቀላል ስለሆነም ሲቆፍር ይበተናል፣ ጠዋት ጠዋት መጥረግ አለ። እንደ ተገዛው ስለማይጓጉል ደግሞ የረጠበውን ፈልጎ ማንሳት ይጠይቃል።

በአንድ ቀን ግን አልቀየርኩትም። ሰጋቱራውን ከሥር አድርጌ የለመደውን አሸዋ ከላይ በተንኩለት፣ በየቀኑ አሸዋውን እየቀነስኩ በአሥረኛው ቀን ሰጋቱራ ብቻ ቀረ። ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ሳፋውን ከግሽ ዓባይ ገበያ ነው የገዛሁት፣ ሰፊውን የልብስ ማጠቢያ፣ አንዱን ጎኑን በጋለ ቢላዋ ቆርጬ ዝቅ አደረግሁለት። ግልገል ከፍ ያለ ጠርዝ ለመዝለል ሲታገል ያመልጠዋል።

ቦታውም ስህተት ነበር፣ ይህ የራሴ ጥፋት ነው። መታጠቢያ ቤት አስቀምጬ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ንፋስ በሩን ይዘጋበት ነበር። ገብቶ እንዳይሸና በር ተዘግቶበት እኔ ሶፋ አበላሸ ብዬ እቆጣለሁ! አሁን ሁለት ሳፋ አለው፣ አንዱ ሳሎን ጥግ፣ አንዱ በረንዳ፤ ከምግቡ የራቁ ናቸው። ለአንድ ድመት ሁለት ይመከራል፣ ለሁለት ድመት ሦስት። ከእንቅልፉ ሲነሳና ሲበላ ደግሞ አንስቼ ሳፋው ውስጥ አስቀምጠው ነበር፣ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ራሱ መሄድ ጀመረ።

አሁን ስለ ጽዳቱ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የመጀመሪያ ቀን በረኪና ደፋሁበት። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር ማደባለቅም እንዲሁ አደገኛ ነው፣ ክሎሪን ይወጣዋል። ውሃ ሲነካው እንደ ወተት የሚነጣው ፀረ ተሕዋስ ደግሞ ድመትን ይመርዛል፣ እግሩን ሲልስ ይውጠዋልና። አቼቶ ለብቻው፣ በእኩል ውሃ ቀጥኖ፣ ለሊሾ ወለል ደህና ነው። ለሶፋ ግን አይበቃም። ሽንቱ ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ስፖንጁ ውስጥ ይቀራል፤ ደርቆ የጠፋ መስሏችሁ ዝናብ በጣለና አየሩ በረጠበ ቁጥር ሽታው ይመለሳል። እኛ ባንሸተው እንኳ ድመቱ ይሸተዋል፣ «የሽንት ቦታዬ እዚህ ነው» ብሎ ይሄዳል። የእኔን ሶፋ ያዳነው ኢንዛይም (የሽንቱን ቅሪት የሚሰባብር ነገር) ያለበት ማጽጃ ነው፣ ይህንንም ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። ሽንቱን በጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አውጡ፣ እስከ ውስጥ እስኪርስ አፍስሱበት፣ ራሱ እስኪደርቅ ተዉት። በሐምሌ ዝናብ ለመድረቅ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር፣ ሁለቴም ደግሜዋለሁ። ወደ አዲስ አበባ ለምትልኩት ብር አሸዋውን ትታችሁ ይህንን አስመጡ።

ሳፋውን በየቀኑ አጽዱ፣ በየሳምንቱ ገልብጣችሁ በሙቅ ውሃና በተራ ሳሙና እጠቡት። ለሽታው ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ በድመት ሰገራ ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ሲቆይ ነው፤ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ሥራውን ሌላ ሰው ይያዝላት። ቆሻሻውንም ጎመን መደብ ላይ ወይ ሐይቅ ዳር እንዳትደፉት፣ አደራ። ጣናን እምቦጩ ይበቃዋል። ደግሞ ወንድ ድመት ሳፋው ላይ እየተመላለሰ ካማጠና ምንም ሽንት ካልወጣው ይህ አደጋ ነው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት።

አምባዛ ከሶፋው ከታረቀ 26 ቀን ሆነው። ከተገዛው አሸዋ የተረፈኝ ግማሽ ከረጢት አለ፣ መስከረም ሲጠባ 4 ወር ይሞላዋልና በአንዱ ሳፋ እሞክርለታለሁ። ሌላኛው ዋንዛ ሆኖ ይቀጥላል። እንጨት ቤት ስትሄዱ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፣ የሳምንቱ ፍቅፋቂ የሚጠረገው ያኔ ነው፤ ኬሻም ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ እነሱ ጋ የለም።