ኮንዶሚኒየም፣ ሪል እስቴት ወይስ ካርታ ያለው ግቢ? በአዲስ አበባ ዳር የመጀመሪያ ቤትዎን ሲገዙ

ደላላ አስቀድሞ የሚጠራልዎት የካሬውን ዋጋ ነው። በካሬ ዋጋ ብቻ ግን ሁለት ቤት አይወዳደርም፤ አንዱ 100 ካሬ ካርታ አለው፣ ሌላው ውክልና ብቻ ነው፣ ሦስተኛው ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በሦስት ጥያቄ እንለካቸዋለን፦ ወረቀቱ በማን ስም ነው? ቁልፉ መቼ እጅ ይገባል? ከዋጋው ሌላ ምን ያስወጣል?

የዕጣ ኮንዶሚኒየም

የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ቤቱ ቆሟል፣ ገብተው ያዩታል፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ችግሩ ባለዕድሉ ውል ከፈረመ 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አለመቻሉ ነው። ገደቡ ሳያልፍ የሚሸጥ ሰው የሚሰጥዎት ቤቱን ሳይሆን ውክልና ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ይሽራል፤ ከሞተም ውክልናው አብሮት ያበቃል፣ እርስዎም ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ይቆማሉ። የእንዲህ ያለ ቤት ዋጋ ረከስ የሚለው ለዚህ ነው። 5 ዓመቱ ያለፈውን፣ የባንክ ዕዳው የተዘጋውን፣ ካልተዘጋም ቀሪው በባንኩ ደብዳቤ የታወቀውን ይምረጡ።

ያልተነካ ቤት ከሆነ የወለል ሴራሚክ፣ የውስጥ በሮች፣ የኩሽና ካቢኔና ቀለም በእርስዎ ወጪ ናቸው። ላይኛው ፎቅ ላይ ከሆነ ሮቶና ፓምፕም ይጨምሩ፤ ግፊቱ ሲደክም ውሃው ታች ይቀራል። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ።

በግንባታ ላይ ያለ ሪል እስቴት

ክፍያው በየጊዜው ስለሚከፈል ለደመወዝተኛ የሚቀል ይመስላል። ሆኖም ቤት ሳይኖርዎት ኪራይም ክፍያም አብረው ይሄዳሉ፤ ርክክቡ በ1 ዓመት ሲዘገይ የ12 ወር ኪራይ በቤቱ ዋጋ ላይ ተጨመረ ማለት ነው። ከመፈረምዎ በፊት የቦታው ካርታና የግንባታ ፈቃድ በአልሚው ስም መሆናቸውን ይዩ፣ ቦታው ለባንክ መያዣ ተሰጥቶ እንደሆነም ያጣሩ። ተይዞ ከሆነ ባንኩ ከእርስዎ ይቀድማል።

ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ ክፍያው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ግንባታው በደረሰበት ደረጃ እንዲሆን። ሁለተኛ፣ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ፦ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ይህ አንቀጽ ቀላል አይደለም፤ ጣሪያው በቁጥር ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ካሬው ደረጃውን፣ ሊፍቱንና ኮሪደሩን ይጨምር እንደሆነ። ከ100 ካሬው 20ው የጋራ መጠቀሚያ ከሆነ፣ የከፈሉትን ለ80 አካፍለው እውነተኛውን የካሬ ዋጋ ያግኙ።

ካርታ ያለው ግቢ

ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ስለዚህ ካርታው የሚጣራው ደላላው በሚያውቀው ቢሮ ሳይሆን ይዞታውን በሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ነው። ፋይሉ መኖሩን፣ ዕዳና እግድ አለመኖሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ ቦታ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ፦ በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ሻጩ የማይከፍለውን የሊዝ ክፍያ እርስዎ ሊከፍሉ ነው፤ ይህን ዋጋ ሲነጋገሩ ያንሱት።

«ካርታው በቅርቡ ይወጣል» የሚባልለትን የገበሬ ቦታና ጨረቃ ቤት እዚህ አናወዳድርም። መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም፤ ካርታ በሌለው ቦታ ላይ የቆመ ቤት ደግሞ ሊፈርስ ይችላል።

የቱንም ቢመርጡ ቀብዱን ትንሽ ያድርጉ። ሰጪ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባይ ከቀየረ እጥፍ ይመልሳል፤ ይህ ግን ውሉ ሲጸና ነው፣ የቤት ሽያጭ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ካልተደረገ አይጸናም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። የቴምብር ቀረጡንና የስም ማዞሪያውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይስፈር። ገንዘቡን በባንክ ይክፈሉ፣ የተወሰነውን ስሙ እስኪዞር ያቆዩት።

እኛ ለመጀመሪያ ገዢ የምንመክረው ገደቡ ያለፈበትን ኮንዶሚኒየም ነው። ልጆችና አባት እናት አብረውት የሚኖሩ፣ እያከለ የሚሠራ ሰው ግን ግቢውን ይያዝ። በአቃቂና በቱሉ ዲምቱ በኩል ከሆነ አፈሩን ይመርምሩ፦ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ጥቁሩ አፈር ወጥቶ ሰሌክት በሚባለው የተመረጠ ሙሌት ሳይተካ የተሠራ ቤት ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይተረተራል። እንዲህ ያለውን ቤት አዲስ ቀለም ሳይቀባ፣ በነሐሴ ዝናብ ሄደው ይዩት።