የፊደል ገበታውን መቁጠር ወይስ በጥቂት ፊደል ቃል ማንበብ?

ከብቸና እስከ ቡሬ፣ ጎጃም ውስጥ ልጅ ንባብ ሲጀምር የቆየው መንገድ ይህ ነው፦ 231ዱን ፊደል ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ማስቆጠር። የኔታ ዘንድ ይህ ሠርቷል። የኔታ ልጁን ለብቻው አስቀምጠው በስንደዶ እየጠቆሙ ያስቆጥሩታል። በቃሉ ብቻ እንዳይወጣው ደግሞ «አ ቡ ጊ ዳ» ብለው ተራውን ያፋልሱበታል።

አንደኛ ክፍል ግን ሌላ ነው። ክፍሉ ሙሉ ልጅ በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ» ሲል፣ ያልገባው ልጅ በጓደኞቹ ድምፅ ይሸፈናል። «ሞ»ን ለብቻዋ ስትጠቁሙት ከ«መ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኛትም።

ሌላው መንገድ በጥቂቱ ይጀምራል። ላ፣ ም፣ በ። በእነዚህ ብቻ «ላም» እና «በላ» ይነበባሉ። ልጁ ገና ከጅምሩ ቃል አነበበ ማለት ነው! «ሐ» እና «ኀ» በአማርኛ ድምፃቸው ከ«ሀ» ስለማይለይ ቆየት ብለው ቢመጡ ችግር የለውም። የሚከብደው ዝግጅቱ ነው። ልጁ በተማራቸው ፊደሎች ብቻ የተጻፈ አጭር ምንባብ ያስፈልጋል፤ ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ላለው መምህር ይህ ትልቅ ጫና ነው።

እኔ ለትምህርት ቤት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አቡጊዳን ግን አትጣሉብኝ። መምህሩ በየቀኑ ጥቂት ልጆች ጠርቶ፣ ፊደሉን አዘበራርቆ ለየብቻ ይጠይቃቸው።