«ዓለምን በአንድ ዓመት» ለሚለው የጉዞ ጥቅል ከመፈረማችሁ በፊት

በጎንደር ፒያሳና ማራኪ አካባቢ ሰሞኑን በሰፊው የሚወራለት አንድ የጉዞ ጥቅል አለ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት ዓለምን መዞር ለሚፈልጉ ወጣቶች የተዘጋጀ ነው እየተባለ በፋሲል ግቢ ፎቶግራፍ ያሸበረቀ በራሪ ወረቀት ይታደላል፤ ወላጆችም ከዕቁብና ከቁጠባ ያወጡትን ገንዘብ ይዘው ወደ ቢሮው መሄድ ጀምረዋል። አንዲት የጎረቤት ልጅ እንድትፈርም የተሰጣትን ውል እንዳነብላት ጠይቃኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር አንብቤዋለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ውል ነገ በሌላ ስም ሊመጣ ስለሚችል ለሸማቹ ይበልጥ የሚጠቅመው የውሉን አሠራር ማወቅ ነው።

ጥቅሉ በ940 ሺህ ብር የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛ፣ የጉዞ መድንና በየከተማው የመጀመሪያውን ሳምንት መኝታ እንደሚያጠቃልል ይገልጻል። ከዋጋው 40 በመቶው በምዝገባ ቀን፣ ቀሪው ደግሞ ከጉዞው በፊት በሁለት ጊዜ ይከፈላል። መስመሩ ከአዲስ አበባ ወደ ፓሪስ፣ ለንደንና ሮም፣ ከዚያ ወደ ኒው ዮርክና ሎስ አንጀለስ፣ ቀጥሎም ወደ ሲድኒ፣ ቶኪዮና ባንኮክ አድርጎ ወደ አገር ቤት ይመልሳል። የጥቅሉ ዋና መስህብ «ሁሉም ቪዛዎች ከመነሻው ቀን በፊት በእጃችሁ ይገባሉ» የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው ይህም ሆነ ሌላ ድርጅት ሊፈጽመው አይችልም፤ ውሉም ቃሉ ሳይፈጸም ሲቀር ኪሳራው በሙሉ በተጓዡ ላይ እንዲወድቅ ሆኖ ተጽፏል።

በጉዞው ቅደም ተከተል እንየው። ተጓዡ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በአውሮፓ ያሳልፋል፤ ከፓሪስ ወደ ለንደን ተሻግሮ ጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ ወደ ሮም ይመለሳል። ብሪታንያ በአንድ ቪዛ የሚያዘዋውሩት የአውሮፓ አገሮች ስብስብ የሆነው የሼንገን አባል ስላልሆነች ከፓሪስ ወደ ለንደን የወጣ ሰው ሮም ለመግባት ሁለተኛ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልገዋል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ግን በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ አባል አገሮች ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጡ ከልክሏል፤ ማመልከቻ የሚታይበትን ጊዜም ከ15 ቀናት ወደ 45 ቀናት አራዝሟል። ስለዚህ በራሪ ወረቀቱ ላይ በሚያምር ካርታ የተሣለው የፓሪስ፣ የለንደንና የሮም መስመር ገና ከመነሻው የተበጠሰ ነው።

በአራተኛው ወር አሜሪካ አለ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና የሦስት ወር ዕድሜ ያለው ሆኗል። ቪዛው ከመነሻው ቀን በፊት ፓስፖርቱ ላይ ቢመታ፣ ተጓዡ ሦስት ወር በአውሮፓ ቆይቶ ኒው ዮርክ ሲደርስ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል። የጃፓን ነጠላ መግቢያ ቪዛም እንዲሁ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል፤ በውሉ መሠረት ግን ቶኪዮ የሚደረሰው በአሥረኛው ወር ነው። በየመንገዱ እየደረስን እናመልክታለን ቢባልም መፍትሔ አይሆንም፤ ኤምባሲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት በአብዛኛው በአገሩ ሕጋዊ ነዋሪ ከሆነ ሰው እንጂ በቱሪስትነት ለጥቂት ሳምንታት ከቆመ መንገደኛ አይደለም። የቢሮው ሠራተኞች ይህን ሳያውቁ ይሸጣሉ ብሎ ማሰብ ይቸግረኛል።

ትራንዚትን በተመለከተ ደግሞ «አውሮፕላን ብቻ ስለምትቀይሩ ቪዛ አያስፈልግም» የሚል ማብራሪያ በቃል ይሰጣል። ኢትዮጵያ በሼንገን አገሮች አውሮፕላን ማረፊያዎች ለመተላለፍ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት የአሥራ ሁለት አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። ብሪታንያም ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ ለሚያልፍ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ቪዛ ትጠይቃለች፤ በአሜሪካ በኩል ማለፍም ያለ ቪዛ አይቻልም። ይህን ሰነድ ያላሟላን ሰው አየር መንገዱ ከመነሻው ስለማይጭነው፣ ስህተቱ የሚታወቀው ሻንጣ ተጭኖ ቤተሰብ ከሸኘ በኋላ ቦሌ ላይ ነው።

የበጀቱ ጉዳይ ከቪዛው ይብሳል። ጥቅሉ የዕለት ወጪን አይሸፍንም። ተጓዡ ለአንድ ዓመት በአማካይ በቀን 40 ዶላር ብቻ ያወጣል ብለን ብናስብ 14,600 ዶላር ይሆናል፤ ለንደን፣ ኒው ዮርክና ሲድኒ ውስጥ ደግሞ 40 ዶላር ለመኝታና ለምግብ አይበቃም። ድርጅቱ ይህን ክፍተት የሚሞላው «በሲድኒ አራት ወር እየሠራችሁ ቀሪውን ጉዞ ትሸፍናላችሁ» በሚል ተስፋ ነው። አውስትራሊያ ለወጣት ተጓዦች የምትሰጠው ሥራን ከዕረፍት ጋር የሚያጣምር ቪዛ እርግጥ ነው አለ፤ ነገር ግን የሚሰጠው ስምምነት ለተፈረመባቸው አገሮች ዜጎች ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ መሥራት ደግሞ ቪዛ የሚያሰርዝና ከአገር የሚያስባርር ጥፋት ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች ትምህርት ጨርሰው የሚያደርጉት የአንድ ዓመት ጉዞ የሚቻለው በዚህ ዓይነት የሥራ ፈቃድና በፓስፖርታቸው ጉልበት ነው፤ ሁለቱን አውጥቶ የጉዞውን ካርታ ብቻ ለእኛ ልጆች መሸጥ ተገቢ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ ሕግ የጎብኚ ቪዛ አመልካች ወደ አገሩ እንደሚመለስ እስኪያሳምን ድረስ ስደተኛ ሊሆን እንደመጣ ቆጥሮ ይነሣል። ሥራ ያልያዘ፣ የራሱ ገቢ የሌለው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከአገር ልውጣ የሚል አዲስ ተመራቂ ለቆንስሉ ከሁሉም በላይ የሚያጠራጥር አመልካች ነው። በራሪ ወረቀቱ ላይ «ሥራ ከመያዛችሁ በፊት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈው ማባበያ በኤምባሲው መስኮት ላይ የውድቀት ምክንያት ይሆናል። ድርጅቱ ለዚህ የሚያቀርበው መድኃኒት «የባንክ ስቴትመንት እናሟላለን» የሚል ነው፤ ይህም ለጥቂት ቀናት በተበደረ ገንዘብ ሂሳብን ማሳበጥ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ማለት ነው። ብሪታንያ በማታለል ቪዛ የጠየቀን ሰው እስከ 10 ዓመት ልታግድ ትችላለች፤ በአሜሪካ ደግሞ እገዳው የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ፊርማው የአመልካቹ ስለሆነ ቅጣቱም የእሱ ነው።

ዓለምን የሚያዞር ትኬት የሚባል ነገር እውነት ስለመኖሩ ለሚጠራጠሩ፣ አዎ፣ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆነበት የአየር መንገዶች ጥምረት፣ ስታር አሊያንስ፣ ይሸጠዋል። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ ጉዞው በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ብቻ ይሆናል፤ አትላንቲክና ሰላማዊ ውቅያኖስን አንድ አንድ ጊዜ መሻገር አለበት፤ እስከ 15 ማረፊያ ይፈቀዳል፤ ከተጀመረ በኋላ የሚያገለግለው ቢበዛ ለአንድ ዓመት ነው። ዋጋው እንደ ርቀቱና እንደ መነሻ አገሩ ይለያያል፤ ስለዚህ ሌላ አገር የተለጠፈ ዋጋ ለአዲስ አበባ መነሻ አይሠራም። ድርጅቱ ለተመዝጋቢዎች «ትኬታችሁ ይኸው» ብሎ የሚሰጠው ወረቀት ግን ትኬት አይደለም። ያየሁት ወረቀት ላይ ያለው ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር የቦታ መያዣ ኮድ ብቻ ነው፤ ክፍያ ያልተፈጸመበት መያዣ በቀናት ውስጥ ራሱ ይሰረዛል። የተከፈለበት ትኬት 13 አሃዝ ያለው የትኬት ቁጥር ይኖረዋል፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቆረጠ ከሆነ ቁጥሩ በ071 ይጀምራል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ አየር መንገዱን ብትጠይቁ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋገጣል፤ ቁጥሩን ለመስጠት የሚያመነታ ወኪል ትኬት አልቆረጠም ማለት ነው።

ወደ ውሉ አንቀጾች ስንመጣ፣ ቪዛ ቢከለከል «ኃላፊነቱ የተጓዡ ነው፤ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። በመጀመሪያው ቀን የሚከፈለው 40 በመቶ «የምዝገባና የማማከር አገልግሎት ክፍያ» ተብሏል፤ ቀብድ አልተባለም። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፤ የአገልግሎት ክፍያ ከተባለ ግን አገልግሎቱን ሰጥቻለሁ ብሎ መከራከር ይቻለዋል። ሌላው አንቀጽ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከጨመረ ተጓዡ ልዩነቱን እንዲሞላ ያዛል፤ ተመላሽ ገንዘብ ቢኖር ግን በተከፈለበት የብር መጠን ብቻ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 ብር በላይ እንደደረሰ ለምናስታውስ፣ ይህ አንቀጽ ማን ላይ እንደተደገነ ግልጽ ነው። ሦስት ሰው ላመጣ ተመዝጋቢ የመጨረሻው ክፍያ ይቀነሳል የሚለው ደግሞ ወሬው በዕድርና በዕቁብ መካከል ለምን እንዲህ እንደፈጠነ ያስረዳል።

ዓመቱን በጉዞ ማሳለፍ የእውነት የሚፈልግ ወጣት ቢኖር፣ እኔ የምመክረው ጉዞውን በሦስት ዙር ከፍሎ በየዙሩ መካከል ወደ አገር መመለስ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ፓስፖርታችን በቀላሉ በሚያስገባባቸው አገሮች ማድረግ ይቻላል፤ ኬንያ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ አትጠይቅም፤ ሩዋንዳና ቤኒንም ለአፍሪካውያን በራቸው ክፍት ነው። ሄዶ በጊዜው መመለሱ በፓስፖርቱ ላይ ይመዘገባል፤ ለቀጣዩ ቪዛ ማመልከቻም ከማንኛውም የተሳበጠ ስቴትመንት የተሻለ ማስረጃ ነው። የሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ስለሆነ ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሪያው መልስ ማቀድ ይመቻል፤ ማመልከቻው ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 90 ዩሮ ያስከፍላል፤ ቢያንስ የ30 ሺህ ዩሮ ሽፋን ያለው የጤና መድንም ይጠይቃል። በራሪ ወረቀቱ ያልጠቀሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም በብዙ አገሮች ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት።

ገና ያልከፈላችሁ፣ እስከ ጥምቀት ድረስ ብቻ የሚቆይ ቅናሽ ነው የሚለው ጥድፊያ ሳያስደነግጣችሁ ውሉን ቤት ወስዳችሁ ለማንበብ ጠይቁ፤ ውል ከቢሮ እንዳይወጣ የሚከለክል ሻጭ ዘንድ ፊርማችሁን አታኑሩ። የከፈላችሁ ደግሞ የትኬት ቁጥርና ለቪዛ የገባ የማመልከቻ ደረሰኝ እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁና በቅጂው ላይ አስፈርሙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግና አሳሳች ማስታወቂያን ስለሚከለክል፣ በራሪ ወረቀቱን አትጣሉት፤ ከደረሰኙና ከውሉ ጋር አያይዛችሁ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት ለማለት ያገለግላችኋል። ድርጅቱ የተመዝጋቢዎችን ፓስፖርት «ለቪዛ ሂደት» እያለ በቢሮው ይይዛል፤ ማመልከቻ በኤምባሲ ገብቶ ደረሰኝ እስካልመጣ ድረስ ፓስፖርት እዚያ የሚቀመጥበት ምክንያት ስለሌለ፣ ከገንዘቡ ክርክር በፊት መጀመሪያ ፓስፖርታችሁን ውሰዱ።