ስምንት ጥያቄ፣ አምስት ፊት፦ የልጆችን የጥርስ ሕክምና ፍርሃት የሚለካ መጠይቅ ሲገመገም

ልጆች ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የሚያድርባቸውን ፍርሃት ለመለካት ከተዘጋጁት መጠይቆች መካከል በሥራዬ አዘውትሬ የምጠቀመው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውና በ2007 የፊት ሥዕሎች የታከሉበት፣ በምኅጻር «ኤምሲዳስ» የሚባለው ነው። ጥያቄዎቹ ወደ ሐኪሙ ከመሄድና ጥርስን ከማሳየት ጀምረው ጥርስ ማሳጠብን፣ ድድ ላይ መርፌ መወጋትን፣ ጥርስ ማስሞላትንና ማስነቀልን ካነሡ በኋላ፣ በማደንዘዣ እንቅልፍ ተወስዶ በመታከምና እንቅልፍ ሳያስወስድ የሚያረጋጋ ጋዝ በመሳብ ያበቃሉ። ልጁ ለእያንዳንዱ ከ1 (ምንም አልፈራም) እስከ 5 (በጣም እፈራለሁ) ከሚቆጠሩ አምስት ፊቶች አንዱን ስለሚመርጥ ድምሩ ከ8 እስከ 40 ይሆናል፤ 19ና ከዚያ በላይ ያመጣ ልጅ ፍርሃት እንዳለበት ይቆጠራል።

እኔ ግን ዋጋው ከድምሩ ይልቅ በየጥያቄው መልስ ላይ ነው እላለሁ። በአንድ ሳምንት ያየኋቸው ሁለት ልጆች እኩል 21 አመጡ። ወንዱ ከላይ እስከ ታች 2ና 3 እያለ ወረደ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ግን የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች በ1 ካለፈች በኋላ፣ መርፌው ላይ ስትደርስ ጣቷን ከወረቀቱ አንሥታ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያም የመጨረሻውን ፊት ነክታ ጣቷን እዚያው ተጭና አቆየችው። ለእርሷ ድዷን አስቀድሞ በቅባት ማደንዘዝና እጇን ስታነሣ እንደምናቆም ቃል መግባት ተገቢ ነበር፤ እንደዚያም አደረግን። ወንዱን ግን ሕክምና ሳይጀመር ክፍሉንና መሣሪያውን በሚለምድበት ቀጠሮ አስቀደምነው። ድምሩን ብቻ የሚመዘግብ ሰው ሁለቱን በአንድ ዓይን ባየ ነበር።

ጉድለቱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ይታያል፤ በማደንዘዣ እንቅልፍ ተወስዶም ሆነ ጋዝ ስቦ ታክሞ የማያውቅ ልጅ የሚመልሰው በግምት ነው፣ ግምቱም ከድምሩ ይገባል። ለጎረምሶች የፊት ሥዕል የሕፃን ጨዋታ ስለሚመስላቸው፣ ሥዕል የሌለውን ባለ አምስት ጥያቄ የአዋቂዎች መጠይቅ መስጠት ይሻላል። ገና ጥያቄ ለመከታተል ለሚቸገሩ ትንንሾች ደግሞ በ2002 የወጣው፣ አምስት ፊት ብቻ ያለው መለኪያ ይበቃል፤ እርሱም የሚያሳየው የዚያን ሰዓት ስሜት ብቻ ነው።

በ1982 የወጣው ባለ 15 ጥያቄ መጠይቅ ስለማያውቁት ሰው፣ ስለ መታነቅና ሆስፒታል ስለ መግባት ጭምር ስለሚጠይቅ ሰፋ ያለ መረጃ ይሰጣል፤ ነገር ግን ርዝመቱ ተራ በመጠበቅ የደከመን ልጅ ያሰለቻል። ያም ሆኖ የሚያነሣው ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ አባት ባለ ስምንት ጥያቄውን መጠይቅ በልጁ ፈንታ ሞልቶ መርፌውን 5 ሰጠው፤ ልጁን ለብቻው ስንጠይቀው ግን የሚፈራው ውሃ ጉሮሮው ውስጥ ሲጠራቀም ትንፋሽ የሚያጥረው ስለሚመስለው ነበር፤ ከስምንቱ ጥያቄዎች አንዱም ይህን አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ለልጁ እንጂ ለወላጅ አልሰጥም፤ ስምንተኛው ጥያቄ እንዳለቀም «ሌላ የሚያስፈራህ ነገር አለ?» ብዬ መልሱን በራሱ ቃል ከወረቀቱ ዳር እጽፈዋለሁ።