ፍቅርን መናዘዝ ወይስ መደበቅ? በጥንት የእንግሊዝ ባላዶች

በጥንት የእንግሊዝ ባላዶች (ታሪክ በሚተርኩ የሕዝብ ዘፈኖች)፣ አፍቃሪ ወይ ፍቅሩን ይናዘዛል፣ ወይ በሆዱ ይይዘዋል።

መናዘዝ፦ እንግሊዛዊው የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ሳሙኤል ፒፕስ በ1666 እ.ኤ.አ. በማስታወሻው በጠቀሰው «ባርባራ አለን» ውስጥ ታሞ አልጋ የያዘ ወጣት የሚወዳትን ባርባራን አገልጋዩን ልኮ ያስጠራታል፤ እርሷ ግን እግሯን እየጎተተች መጥታ፣ መጋረጃውን ገልጣ፣ የምትሞት ይመስለኛል ትለዋለች። በብዙ ቅጂዎች የተቀየመችው መጠጥ ቤት ለሌሎች ሴቶች ጽዋ ሲያነሣ እርሷን ስለዘለላት ነው፤ ስለዚህ ጭካኔዋ ከቁስል የመጣ ይመስለኛል። መልእክተኛ መላክ ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን የሁለቱም ሞት ሆነ።

መደበቅ፦ «የኢዝሊንግተን ምስለኔ ልጅ» በተባለው ባላድ ልጅቱ የአንድ ወጣት ፍቅር እውነት መሆኑን ስለተጠራጠረች የራሷን ፍቅር ደብቃ ፊት ትነሣዋለች፤ እርሱም ሙያ ሊማር ለንደን ተልኮ 7 ዓመት ይቆያል። በኋላ የድሃ ልብስ ለብሳ መንገድ ላይ አንዲት ሳንቲም ትለምነዋለች፤ ስለ ምስለኔው ልጅ ሲጠይቃት ሞታለች ትለዋለች፤ ሐዘኑን ካየች በኋላ ነው ማንነቷን የምትገልጥለት። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ሌላ ቢያገባስ?

የሌላው ልብ ገና ላልታወቀውና ጊዜ ላለው አፍቃሪ መደበቁ ይስማማዋል። ቅያሜ ለገባበት ፍቅር ግን መናዘዙ ይሻላል፤ እርሱም ደዌ ሳይጸና፣ በመልእክተኛ ሳይሆን በራስ አንደበት።