«ሙሉ የፈረሰኛ ጥቅል» የሚባለውን አትግዙ

የመካከለኛውን ዘመን ኑሮና ውጊያ በቡድን መልሶ ማሳየት ለጀመራችሁ፣ ወይም ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። ኢንተርኔት ላይ በአንድ ካርቶን የሚሸጥ «ሙሉ የፈረሰኛ ጥቅል» አለ። ሰይፍ፣ የራስ ቁር፣ የሰንሰለት ጥሩር፣ ቀሚስና ቀበቶ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ፎቶው ያማልላል። ዋጋውም አንድ በአንድ ከመግዛት በጣም ያነሰ ነው። እባካችሁ አትግዙት።

በቡድናችን ከልምምድ በፊት ዕቃ ከሚፈትሹት አንዱ ነኝ። አዲስ ሰው ካርቶኑን ተሸክሞ ፊቱ በደስታ በርቶ ሲመጣ፣ «በዚህ ሜዳ መግባት አይቻልም» የምንለው እኛ ነን። በጣም ያሳዝነኛል። ሰውየው ገንዘቡን አጠራቅሞ ነው የገዛው። ሻጩ ይህን ያውቃል፤ የሚያነጣጥረውም ገና ምንም በማያውቀው ጀማሪ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ሰይፉ ነው። ብዙ ጊዜ በእነዚህ ጥቅሎች ውስጥ የሚመጣው ከማይዝግ ብረት የተሠራ የግድግዳ ጌጥ ነው። የማይዝግ ብረት ለወጥ ቤት ቢላ ጥሩ ነው። ረጅም ሰይፍ ሲሆን ግን ምቱን አይችልም፣ ይሰበራል። ለልምምድ የሚሆን ሰይፍ ከካርበን ብረት ተሠርቶ በእሳት ይገራል፤ ሲመታ ይለመጥና ወደ ቦታው ይመለሳል። ሌላው ጉድ እጀታው ውስጥ ተደብቋል። በደህና ሰይፍ ላይ የስለቱ ብረት ሳይቋረጥ በእጀታው ውስጥ አልፎ እስከ ጫፉ ይደርሳል። በርካሹ ላይ ግን ቀጭን ብሎን ከስለቱ ግርጌ ጋር ተበይዷል፣ በቃ። ከውጭ አይታይም። ብየዳው ሲለቅ እጀታው እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ስለቱ ተወንጭፎ ይሄዳል። አጠገባችሁ ጓደኛችሁ ቆሟል። ከገመዱ ወዲያ ልጅ ያቀፉ ተመልካቾች አሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ለማንም ይሉኝታ የለኝም።

ጠርዙንም እዩ። የብረት ሰይፍ የሚጠቀሙ ቡድኖች ጠርዙ የዶለዶመ፣ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ጫፉም የተድቦለቦለ እንዲሆን ይጠይቃሉ። የጥቅሉ ሰይፍ ግን ሹል ጫፍ ይዞ ነው የሚመጣው።

ጥሩሩም ከዚህ አይሻልም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የጥሩር ቀለበቶች በአብዛኛው አንድ በአንድ በሪቬት፣ ማለትም ተቀጥቅጦ በሚጠብቅ ትንሽ የብረት ችንካር፣ ይዘጉ ነበር። በርካሹ ላይ ቀለበቱ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ብቻ ይተዋል። የጦር ጫፍ ሲነካው ይከፈታል። ያለዚያም በራሱ ክብደት እየተከፈተ ቀለበቱን ያንጠባጥባል። ከስሩ የሚለበሰው ወፍራሙ የተደራረበ ልብስ፣ ጋምቤሰን፣ በአብዛኛው ከጥቅሉ ውስጥ የለም። ያለ እሱ ደግሞ ጥሩር ብቻውን ከምት አያድንም፤ ቆዳ ባይቆረጥም አጥንት ይሰበራል።

የራስ ቁሩን በሚሊሜትር ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1966 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም የሚባለው የመካከለኛው ዘመን መልሶ ማሳያ ማኅበር አባላቱ ጥሩር ለብሰው በሚያደርጉት ውጊያ የሚመታቱት በብረት አይደለም፣ ራታን ከሚባል ሐረግ መሰል ተክል በተሠራ ዱላ ነው። እንዲያም ሆኖ የራስ ቁሩ ብረት ቢያንስ 1.6 ሚሊሜትር ያህል እንዲሆን ያስገድዳል። ሻጩ ውፍረቱን ካልጻፈ፣ ስትጠይቁትም ዙሪያውን ከዞረ፣ መልሱን አግኝታችኋል።

ልብሱ ፖሊስተር ከሆነ እሳት አጠገብ አትቀመጡበት። ሱፍ ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እኛ ደግሞ ምሽቱን የምናሳልፈው እሳት ዳር ነው።

ደህና ዕቃ ቢሆን እንኳ ዘመኑ የተደበላለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝ ውስጥ የተደረገውን የሄስቲንግስን ጦርነት የሚያሳይ ቡድንና በ1410 ዛሬ ፖላንድ በሆነው ምድር የተደረገውን የግሩንቫልድን ጦርነት የሚያሳይ ቡድን አንድ ዓይነት የራስ ቁር አያደርጉም። በመካከላቸው ከ300 ዓመት በላይ አለ። ጥቅሉ ከየዘመኑ ቆንጥሮ የተሞላ ስለሆነ የትኛውም ቡድን ዘንድ አይሆንም።

አሁን ወደ ንግዱ። አንድ የቡድናችን አዲስ አባል ዕቃው ሲከለከልበት ገንዘቡን እንዲመልሱለት ጻፈ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ «ለውጊያ ዝግጁ» ይላል። መልሱ ግን «የሽያጭ ደንባችንን ያንብቡ» ሆነ። ደንቡ ታች፣ በደቃቃ ፊደል፣ «ለጌጥ ብቻ የሚውል» ይላል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ተቃራኒ ነገር! ገንዘቡ አልተመለሰም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቡድን ፈልጉ። ብዙ ቡድኖች ለጀማሪ የሚያውሱት ዕቃ አላቸው፤ እኛም እናውሳለን። የዕቃ መመሪያቸውን ጠይቁ፣ ዘመናቸውን እወቁ። ልብስና ጫማ ይቅደም፣ ብዙዎች ራሳቸው ይሰፉታል። ሰይፍ የመጨረሻው ይሁን። ከነባር አባላት ያገለገለ ዕቃ መግዛት ከማንኛውም ካርቶን ይሻላል፣ ተፈትኗልና።

ቀድማችሁ ከገዛችሁ ሰይፉን አትወዝውዙት፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ማስታወቂያው ሳይነሳ ገጹን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። በካርድ ከከፈላችሁ ለባንካችሁ ቅሬታ አቅርቡ፤ «ለውጊያ ዝግጁ» የሚለውንና «ለጌጥ ብቻ» የሚለውን ጎን ለጎን አያይዙ። ጥሩሩን አትጣሉት፤ ተመልካቾች ክብደቱን እንዲሞክሩት ማሳያ ላይ እናስቀምጠዋለን።