ሳይለካ የማይናገር ባለሙያ አገኘን፤ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ምስጋና የምጽፈው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሰባት ወጣቶች ጋር የምመራው የዲዛይን ስቱዲዮ ከሁለት ዓመት ጭንቀት በኋላ እፎይ ስላለ ነው። የሠርግ አልበም፣ የምረቃ መጽሔት፣ ባነርና ታፔላ እንሠራለን። ሥራው ሁሉ የሚቀመጠው እኛ ሰርቨር በምንለው አንድ የጋራ ሣጥን ውስጥ ሲሆን፣ ሰባቱም ኮምፒውተሮች ፋይል የሚያወጡትም የሚመልሱትም ከእርሱ ነው። ሁለት ጊጋባይት የሚመዝን አንድ የአልበም ፋይል ለመክፈት አንድ ሰው ብቻውን ሦስት ደቂቃ ያህል ይጠብቅ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሲሠሩ ደግሞ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ፋይሉ አይከፈትም። ልጆቹ ሲመራቸው ፋይሉን በፍላሽ እየተቀባበሉ መሥራት ጀመሩ። በዚህም ምክንያት አንድ ቀን የታረመው ባነር ቀርቶ ያልታረመው ታተመና የደንበኛችን ስም ተበላሽቶ አደባባይ ወጣ።

መፍትሔ ፍለጋ የደረሰብንን ሳስበው አሁንም ያመኛል። የመጀመሪያው ባለሙያ ኮምፒውተሮቹ ደክመዋል ብሎ ለሰባቱም ራም አስገዛን፤ ለውጥ ግን አላየንም። ሁለተኛው ችግሩ ከኢንተርኔቱ ነው በማለት ውድ የሆነውን ጥቅል አስገባን። በቤት ውስጥ ከሰርቨር ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ፋይል ኢንተርኔቱን ጨርሶ እንደማይነካ ያወቅሁት ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ሦስተኛው ሳይጠይቀን ዲስኩን ባዶ አድርጎ የአንዲት ሙሽራን የጥር ሠርግ ፎቶዎች አጠፋብን። የሙሽራዋ እናት ቢሮዬ ተቀምጠው ምንም ሳይናገሩ ያለቀሱትን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ጉዳት በኋላ አራተኛው መጣና ሰርቨሩ በየሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያወጣ አስተካክዬአለሁ አለን፤ ፍጥነቱን ስንጠይቀው ግን አዲስ ሰርቨር ካልገዛችሁ አይሆንም ብሎ ፕሮፎርማ አስቀምጦ ሄደ። ያን ገንዘብ ለማግኘት ብድር ልጠይቅ ተነሥቼ ነበር።

በዚህ መካከል ነው አንድ ወዳጃችን የኮምቦልቻውን ወጣት የጠቆመን። በሐምሌ ጭጋግ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ ማለዳ ደረሰልን። የጠፋውን ፎቶ ታሪክ እንባ እየተናነቀኝ ስነግረው፣ «አብሽሩ እትዬ፣ መጀመሪያ ያለውን እናትርፍ» አለኝና ማንኛውንም ነገር ከመንካቱ በፊት ሥራችንን በሙሉ ይዞት በመጣው ዲስክ ላይ ገለበጠ። ከአራቱ አንዱም እንዲህ አላደረገም።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው ልቤን የነካው። ወንበር ስቦ ከልጆቹ ጀርባ ተቀመጠና እንደ ወትሮው ሥሩ አላቸው፤ እርሱ ያንኑ አንድ ፋይል ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር እያስከፈተ ሰዓቱን በደብተሩ ይጽፍ ነበር። ቀትር ሲሆን ደብተሩን አሳየኝ። ፋይሉ ቀኑን ሙሉ ቢዘገይም ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ደግሞ ይብስ ነበር። ለካስ ቅጂው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲወጣ ታስቦ ማሽኑ ላይ 8 ተብሎ ተሞልቶ ኖሯል፤ በማሽኑ አቆጣጠር ያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ እኛ ሥራ በምንጀምርበት ሰዓት የራሱን ሸክም ይሸከም ነበር ማለት ነው።

የቀኑን ሙሉ መዘግየት ያመጣው ደግሞ ከሰርቨሩ የሚወጣው አንዱ ገመድ ነበር። በውስጡ ካሉት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በትክክል የተያያዙት አራቱ ብቻ ስለሆኑ በ1000 መሄድ የሚችለው መስመር በ100 ይሄድ ነበር አለኝ፤ ከዚያ በላይ ያለው ማብራሪያ ለእኔ አልገባኝም። የገባኝ ምሳሌው ነው፦ «ድንኳኑ ሰፊ ነው፣ እንግዳውም ብዙ ነው፤ በሩ ግን አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል።» ገመዱን ለውጦ ሰዓቱን ካስተካከለ በኋላ ያው የአልበም ፋይል በ20 ሰከንድ አካባቢ ሲከፈት ልጆቹ አጨበጨቡ።

ስለ አዲሱ ሰርቨር ስጠይቀው «ይህን ገንዘብ አያውጡ፤ ያላችሁት ለዚህ ሥራ ይበቃል» አለኝ። አዎ ቢለኝ ኖሮ ምንም ሳልጠራጠር እገዛ ነበር። የተቀበለን የገመዱን ዋጋና የአንድ ቀን ድካሙን ብቻ ነው፤ ጨምሬ ልሰጠው ብሞክርም ያልሠራሁበትን አልወስድም ብሎ መለሰልኝ። ከመሄዱ በፊትም ትንሿን ዲዛይነራችንን አስቀምጦ የገመድ ጫፍ እንዴት እንደሚታሰር ሦስት ጊዜ አሠራት፤ ባለፈው ሳምንት አንዱን የተበላሸ ገመድ እርሷው ራሷ ጠገነችው።

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ፎቶ ቤት፣ ማተሚያ ቤት ወይም ስቱዲዮ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ኔትወርካችሁ ከተንቀራፈፈ አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ልጅ አስጠሩት። ደግሜ እላለሁ፣ አስጠሩት። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለ ለመነኝ ፈቃዱን አክብሬአለሁ፤ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ግን እርሱን ጠይቄ ስልኩን እሰጣለሁ። እሑድ እሑድ ስለማይሠራ ከሰኞ ጀምሮ ደውሉለት።